ጠብ የሚል ላብ አያበርድም

ልጆቼ፣

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ሰበታ አካባቢ በአንድ የአበባ እርሻ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። ሰበታ ጠዋት ጋቢ የሚያስለብስ አገር ነው። ስለዚህ «ወበቅ ሰው ይጥላል» ስል ሠራተኞቹ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ቀን 8 ሰዓት ላይ ከርጭት ልጆች አንዱን ከግሪንሃውስ ተሸክመው አመጡት። የሚጥል በሽታ መስሏቸው ክብሪት አሽትተውታል። ቱታው እስከ አንገቱ ተዘግቷል። ቦቲውን አውልቄ ስገለብጠው ላብ ፈሰሰ። ስሙን ስጠይቀው የእናቱን ስም ነገረኝ። ቴርሞሜትሩ ከ40 አልፏል። ጥፋቱ የኔም ነው። ጠዋት «ራሴን አመመኝ» ሲለኝ ክኒን ሰጥቼ ወደ ሥራው መልሼዋለሁ።

ውስጡ 33 ዲግሪ ነበር። ለድሬዳዋ ይሄ ተራ ቀን ነው። ግሪንሃውስ ውስጥ ግን አየሩ ውሃ ጠግቧል። ላብ የሚያበርደን ስለወጣ ሳይሆን ስለተነነ ነው። 1 ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አየሩ ከጠገበ ወዴት ይተናል? ሐምሌ ላይ ያሰጣችሁትን ልብስ አስቡት። ጠብ ጠብ እያለ መሬት የሚወርደው ላብ ውሃና ጨው ያሳጣችኋል እንጂ አያበርድም። ልብ ደግሞ ደሙን ወደ ቆዳ ስትገፋ ትደክማለች። ቱታ ሲጨመርበት በቃ፣ ሰውየው ድስት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ባለሙያዎች የቴርሞሜትሩን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጭምር የሚለኩት። ጨርቁ እንደ ላብ ነው፤ ውሃው ከተነነ ቁጥሩ ይወርዳል፣ አየሩ ከጠገበ ግን አይወርድም። በዚያ ልኬት 35 ዲግሪ የሰው ልጅ ጣሪያ ነው ሲባል ኖሯል። ጤነኛ ወጣቶች ላይ ሲሞከር ግን 31 አካባቢ ላይ ሰውነታቸው ሙቀቱን መቆጣጠር አቃተው። እናንተን የሚያክሉ ናቸው እንግዲህ።

ግሪንሃውስም ግቡ፣ ጅቡቲም ውረዱ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ጉልበት አታሳዩ። ሰውነት ወበቅ ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። ውሃም እስኪጠማችሁ አትጠብቁ። አለቃ ቢቆጣ ይቆጣ፣ ራሳችሁን ሲያዞራችሁ ውጡ።

ጓደኛችሁ መንገዳገድ ወይም መቀባጠር ከጀመረ ክብሪቱን ተዉት። ወደ ጥላ አውጡት፣ ልብሱን አውልቁለት፣ ውሃ አርከፍክፉበት፣ በካርቶን አራግቡለት። መኪና ጥሩና እስኪመጣ ማራገቡን አታቁሙ። ራሱን ካላወቀ በአፉ ምንም አትስጡት።

ያ ልጅ ተርፏል። አሁን እዚያው ሰበታ ባጃጅ ይነዳል። ባየኝ ቁጥር ይቆምና «ሲስተር፣ ስሜ ማን ነው?» ይለኛል።