ናይትራይቱ አልወርድ ላለህ

ሰላም ወንድሜ። 60 ሊትር የዓሣ ገንዳህን ያለ ዓሣ፣ በአሞኒያ ማዘጋጀት (ቆሻሻውን የሚያጠፉ ባክቴሪያዎችን ማብዛት) ከጀመርክ አምስት ሳምንት ሆኖሃል። አሞኒያው በአንድ ቀን ይጠፋል፤ ከአሞኒያው የሚወጣው መርዛማው ናይትራይት ግን በመለኪያው ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከደማቅ ሐምራዊ ንቅንቅ አላለም ብለሃል።

አይዞህ፣ ግማሹን መንገድ ሄደሃል። አሞኒያን በልተው ወደ ናይትራይት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ቀድመው ይበዛሉ። ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡት ግን ቀርፋፋ ናቸው። አንተ ደግሞ በየቀኑ 4 ፒፒኤም (በሊትር 4 ሚሊግራም) አሞኒያ እየጨመርክ ሥራ ትቆልልባቸዋለህ። እሱን ተው። በሁለት ሦስት ቀን አንዴ 1 ፒፒኤም ይበቃል።

ከዚያ ፒኤችህን (የውሃውን አሲድነት መለኪያ) ለካ። እኔ ስንት ቀን ናይትራይቱ ላይ አፍጥጬ ፒኤቹ 6 መግባቱን ልብ አላልኩም! ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ ፒኤቹን ደግፎ የሚይዘውን የውሃውን ካርቦኔት ይጨርሱታል፤ ፒኤች ከ6.5 ሲወርድ እነሱም ይለግማሉ። ግማሹን ውሃ ቀይር። አዲሱን ውሃ በክሎሪን ማጥፊያ አክመህ አስገባ። ፒኤቹ አሁንም ካልተነሳ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠህ ጨምር። ውሃ መቀየር ባክቴሪያውን አይጨርስም፤ መኖሪያው የማጣሪያው ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ ነው። ስፖንጁን ብቻ በቧንቧ ውሃ እንዳታጥበው።

ቀለሙ ጫፍ ላይ ከደረሰ መለኪያው ከዚያ በላይ አያሳይም። 1 ሚሊ የገንዳ ውሃ በ9 ሚሊ የተጣራ ውሃ በጥብጠህ ለካ፣ ውጤቱን በ10 አባዛ። ያኔ እየወረደ መሆን አለመሆኑ ይገባሃል።

2 ፒፒኤም አሞኒያ ጨምረህ በ24 ሰዓት አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆኑ፣ አብዛኛውን ውሃ ቀይረህ ዓሣህን አስገባ።