ኅዳጉንም አንብቡት

ልጆቼ፣

በ1974 ዓ.ም. በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስቀጠር መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ የማይክሮፊልም፣ ማለትም የመጻሕፍት ገጾች በጣም አንሰው የተነሡበት ፊልም፣ ክፍሉን መያዝ ነበር። መጋረጃዋ ሁልጊዜ የተዘጋ ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት የማንበቢያ ማሽኖች ነበሩን። የአንዱ አምፖል ከተቃጠለ ምትክ እስኪገኝ ወር ይፈጃል። አንባቢው የፊልሙን ጥቅልል ያስገባና በእጁ እያዞረ ይፈልጋል። የሚፈልገው ገጽ መቶ ሃምሳኛው ከሆነ መቶ አርባ ዘጠኙን ማለፍ አለበት። አንድ መምህር ከጎንደር ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው መጥተው መብራት ጠፋባቸው። ፈቃዳቸው ሲያልቅ ሳያነቡ ተመለሱ። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ቤቴ መጣች። የታሪክ ተማሪ ናት። «እትዬ፣ እስቲ ይቺን እዩልኝ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። አያቷ ከተቀበሩበት፣ ሸዋ ውስጥ ካለ ደብር በፊልም የተነሣ የተአምረ ማርያም ብራና ነው። ያው ጥቁርና ነጩ ፊልም። ምናልባት ጥቅልሉን እኔው ራሴ ከመደርደሪያ አውርጄው ይሆናል። እሷ ግን በሁለት ጣቷ ገጹን ዘርጋ አደረገችውና ፊደሉ የበቆሎ ፍሬ አከለ። እንባዬ መጣ። እነዚያን መምህር አሰብኳቸው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለእሷና ለእኩዮቿ ነው። የምነግራችሁ ነገር ብዙ አይደለም። ምስሉ በእጃችሁ ገብቷል፤ አንባቢው ግን ገና ነው።

መጀመሪያ ፊልሙ ከየት እንደመጣ እወቁ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ተባብረው በየገዳሙና በየደብሩ ያሉ መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ። ሥራው ግን አልቆመም። በመጨረሻ ከ9000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ሚኒሶታ ሄደ። ዛሬ የኮሌጅቪሉ ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ማንበቢያ ክፍሉ ላይ ያስነብባቸዋል። ሙሉውን ለማየት አካውንት መክፈት ብቻ ነው። ክፍያ የለውም።

እነዚያን ፊልሞች አንብበው ካታሎግ ካወጡት አንዱ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ጥራዞች ዊልያም ማኮምበር አዘጋጀ፤ ከዚያ በኋላ የሥራው ዋና ተሸካሚ እሳቸው ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1975 በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነዋል። በሚቀጥለው ዓመት ሚኒሶታ ገቡ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ ካገራቸው ርቀው፣ ያገራቸውን መጻሕፍት በፊልም ላይ አንድ በአንድ አነበቡ። ይህ የምን መጽሐፍ ነው? ማን አስጻፈው? ከየት መጣ? ኅዳጉ ላይ፣ በገጹ ዳር፣ ምን አለ? ብለው መዘገቡ። እናንተ ዛሬ የመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ አንድ ቃል ስትጽፉ መልስ የሚመጣው ይህ ሁሉ ስለተመዘገበ ነው። ኮምፒዩተሩ ብቻውን አላወቀውም። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። በተፈለገው ቃል ልክ ብራናው ብቅ ሲል ሁልጊዜ አስባቸዋለሁ።

ሌላም ብዙ ተከፍቷል። የጀርመኑ ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ስም ያለው ትልቅ ሥራ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየሠራ ነው። መጽሐፉን፣ ድርሰቱን፣ ሰውየውን፣ ቦታውን አያይዞ የሚያሳይ ዳታቤዝ ነው። የጀርመናዊውን ሊቅ የዲልማንን የግእዝ መዝገበ ቃላት እንኳ እዚያው በነፃ መፈለግ ይቻላል። ያ መዝገበ ቃላት በ1865 እ.ኤ.አ. የታተመና የቃላቱ ፍቺ በላቲን የተጻፈ ስለሆነ መፍታት ትግል ይጠይቃል፤ ቢሆንም ለግእዝ ተማሪ ትልቅ ሀብት ነው። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የተአምረ ማርያምን ታሪኮች አንድ በአንድ መዝግበው፣ የትኛው ታሪክ በየትኛው ብራና እንዳለ የሚያሳይ ሥራ አለ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ «መዝገበ ሥዕላት» የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን ይዟል። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የፈረንሳዊውን ተጓዥ የአንቷን ዳባዲን ስብስብ በ«ጋሊካ» ላይ ያስነብባል። ዓረብኛና አጀሚ (በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ ያገራችን ቋንቋ) የምታነቡ፣ የሐረርና የወሎ ልጆች፣ የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በአፍሪካ ቀንድ እስላማዊ ጽሑፎች ላይ የሠራውን እዩ። ስለ ብራና ሲወራ ግእዝ ብቻ የሚታሰበው ስሕተት ነው።

አንዳንዱ ግን በነፃ አይገኝም። እዚህ ላይ የዩኒቨርሲቲያችሁ ቤተ መጻሕፍት ይጠቅማችኋል። እንደ ጄስቶር ላሉ የጥናት ማኅደሮች በየዓመቱ የሚከፍለው ለእናንተ ነው። ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት እዚያ አለ። ስንቱ ተማሪ ሳያውቀው ይመረቃል! ከተመረቃችሁ በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ አካውንቱ ይዘጋል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ እያላችሁ ተጠቀሙበት። የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ ቀርባችሁ ጠይቁ። «ምን ምን አለን? ከቤት ሆኜ እንዴት እገባለሁ?» በሉት። አርባ ዓመት ገደማ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጬ የጠበቅሁት ይህንን ጥያቄ ነበር። የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ቀኑ ብሩህ ይሆንልኝ ነበር። አሜሪካና አውሮፓ የምትማሩ ልጆች፣ እናንተ እጅግ ሰፊ በር አላችሁ። በዚያ በር ግቡ፤ የማታነቡትን ገጽ ለአባታችሁ ወይም ለደብራችሁ መሪጌታ አሳዩ። አንድ ላይ ይነበባል።

አሁን ወደ ኅዳጉ ልምጣ። በጣም የምወደው ነገር ይህ ነው።

ብራና ስትከፍቱ ዓይናችሁ ወደ ዋናው ጽሑፍ ይሮጣል። ዋናው ጽሑፍ ዳዊት ከሆነ ዳዊት ነው፤ በሺህ ቦታ ይገኛል። ኅዳጉ ላይ፣ በባዶው ቅጠል ላይ፣ ከመጽሐፉ መጨረሻ በኋላ ያለው ግን ሌላ ቦታ የለም። መሬት ሲሸጥ እዚያ ተጽፏል። ጉልት ሲሰጥ እዚያ ተጽፏል። ምስክሮቹ በስም ተዘርዝረዋል። የጋብቻ ውል፣ የዕዳ ክፍያ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ የረኃቡ ዘመን፣ የአንበጣው ዓመት እዚያ አለ። አገር መዝገብ ቤት ሳይኖራት መዝገብ ቤቷ ይህ ነበር። ለዚህም ነው ብራናውን የሚያስፈራ ግዝት የሚጠብቀው፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን»። የሰረቀው፣ የፋቀው የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ግዝት እያለም ይፋቅ ነበር። መጽሐፉ ባለቤት ሲለውጥ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ በላዩ ይጻፋል። የፊደሉ ጥቁረት ከአካባቢው ለየት ካለ፣ ስሙ ለቦታው ከጠበበ ወይም ከሰፋ፣ እዚያ ቁሙ። ታሪክ አለ።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በኮሌጅቪሉ ስብስብ ቁጥር 1832 የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወንጌል ነው። የገዳሙ አበምኔት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስጻፉት፣ እ.ኤ.አ. የ1280 ወይም የ1281 መጽሐፍ። ሥዕሎቹ ያምራሉ። እኔን የያዘኝ ግን ሥዕሉ አይደለም። በውስጡ ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍት ዝርዝር አለ። የመጻሕፍት ዝርዝር! ከሰባት መቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ የእኔን ሥራ ሠርቷል። ያን ቀን ከሥራዬ ወጥቼ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ።

ዘመን ላይ ተጠንቀቁ። የውጭ ካታሎግ የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ብራናው ራሱ «ዓመተ ዓለም» (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረ ዓመት) ካለ 5500 ቀንሱ፣ የኛን ዓመት ታገኛላችሁ። «ዓመተ ምሕረት» ሲል ግን ዛሬ የምንለውን ዓመተ ምሕረት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። በድሮው ቆጠራ በየ532 ዓመቱ እንደገና ከአንድ የሚጀምር ሊሆን ይችላል። የወንጌላዊው ስም ከተጠቀሰ ማረጋገጫ ይሆናችኋል፤ ዓመተ ዓለሙን ለአራት አካፍላችሁ አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ዮሐንስ ነው። አቡሻኽርን፣ የዘመን ቆጠራውን ትምህርት፣ የሚያውቅ አባት ካገኛችሁ ደግሞ አትልቀቁት።

ስትፈልጉም አንድ ጊዜ ሞክራችሁ «የለም» አትበሉ። የውጭ ዳታቤዞች ስማችንን በላቲን ፊደል፣ ከላይና ከታች ነጥብና ሰረዝ እየጨመሩ ይጽፋሉ። ጸሐፊው የፀሐይን «ፀ» በ«ጸ»፣ የኃይልን «ኃ» በ«ሀ» ከጻፈው መፈለጊያው ላያገኘው ይችላል። በሦስት በአራት መንገድ ጻፉት።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ለአምስት ዓመት ያህል፣ ማታ ማታ፣ ፊልሞቹ ላይ ያየኋቸውን የመሬት ሽያጭ ጽሑፎች ዝርዝር እሠራ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዝርዝሩን ወደ ኮምፒዩተር አስገባሁት። ያኔ የአማርኛ ፊደል በየድርጅቱ የተለያየ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒዩተሮች ሁሉ በጋራ በሚያነቡት የፊደል ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የእኔ ዝርዝር የተጻፈው ከዚያ በፊት በነበረ ፎንት ነው፤ ፎንቱ ጠፋ። ፋይሉ ዛሬም ይከፈታል፤ የሚታየው ግን ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ነው። የእጅ ጽሑፌን ደግሞ «ኮምፒዩተር ላይ አለ» ብዬ ጥዬው ነበር። ጥቂት ወረቀት ተርፎኛል። እሱም ላይ «ውብ ጽሑፍ፣ የደብሩ አለቃ ምስክር» ብዬ ጽፌ የመጽሐፉን ቁጥር አልጻፍኩም። የት እንዳየሁት አላውቅም። እባካችሁ፣ ምስል ስታወርዱም ሆነ ማስታወሻ ስትይዙ፣ የስብስቡን ስም፣ የመጽሐፉን ቁጥርና የቅጠሉን ቁጥር መጀመሪያ ጻፉ። የፊቱ ገጽ ይሁን የኋላው ገጽ ለዩ። ሊንኩ ብቻ አይበቃም፤ ሊንክ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የብሪቲሽ ላይብረሪ በሳይበር ጥቃት ተመትቶ፣ ከመቅደላ የተወሰዱት ብራናዎቻችን ጭምር ዲጂታል ምስላቸው ለረጅም ጊዜ ከኢንተርኔት ጠፍቶ ነበር። በቁጥር የመዘገበ ሰው ያኔም የሚጠቅሰው ነገር ነበረው።

የብራናውን ባለቤትም አትርሱ። በካሜራ ተነሣ ማለት የሁሉም ሰው ሆነ ማለት አይደለም። ገዳሙ፣ ደብሩ፣ መስጊዱ፣ ቤተሰቡ ጠብቆ ያቆየው ነው። የአጠቃቀም ደንቡን አንብቡ። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉ የመጣበትን ቦታ ስም አብራችሁ ጻፉ። ከቻላችሁ ያነበባችሁትን ወደ ደብሩ መልሱ። አለቃው ዕቃ ቤታቸው ውስጥ ምን እንዳለ ላያውቁ ይችላሉ። አንዳንዶቹ ዋናው መጽሐፍ በቃጠሎ፣ በስርቆት ወይም በጦርነት ጠፍቶ ፎቶው ብቻ ቀርቷል።

የእጅ ጽሑፍ የሚያነቡ ኮምፒዩተሮች እየመጡ እንደሆነ አውቃለሁ። ጥሩ ነገር ነው፣ ተጠቀሙባቸው። ነገር ግን እነሱም የሚማሩት ሰው ካነበበው ነው። ዋናውን ጽሑፍ፣ በጥሩ ቁም ጸሐፊ እጅ የተጻፈውን፣ ያነቡ ይሆናል። የደከመ የገጠር ቄስ ኅዳግ ላይ በጠማማ እጅ የጫረውን፣ ግእዝና አማርኛ የተቀላቀለበትን ግን ለማንበብ የአገሩን መሬት ስም፣ የአገሩን መስፈሪያ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ግእዝ ተማሩ። የሰንበት ትምህርት ቤት ግእዝ እንኳ ጥሩ መነሻ ነው። በቀን አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ዓይን እጁን ይለምዳል። የአንድ ጸሐፊ እጅ በሳምንት ውስጥ ጓደኛ ይሆናችኋል።

የጎረቤቴ ልጅ ያሳየችኝ ገጽ ኅዳጉ ላይ አምስት መስመር አለ። የመሬት ሽያጭ ነው። «በዘመነ ሉቃስ» ይላል። ሻጩን አነበብን፣ ገዢውን አነበብን። ሴት ናት ገዢዋ፤ በራሷ ስም ነው የገዛችው። ልጅቷ ከወንበሯ ተነሣች። አራተኛው መስመር ላይ የመሬቱ ስም አለ፤ ግማሹ ተፍቋል። መነጽሬን ለውጬ አየሁት፣ አልሆነልኝም። እሷም አልቻለችም። ወደ አያቷ ደብር ስልክ ደውላ ዲያቆኑን ጠየቀች፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ የአካባቢውን የድሮ ማሳዎች ስም ሊያጽፍላት ተስማማ።