ስፔን ባሕር ዳር ለመሄድ ለምታስቡ ልጆች

ልጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ጀርመን አገር በጉዞ ወኪልነት ረጅም ዓመት ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ የሚደውሉልኝ ወጣቶች አሉ። ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ማዮርካ ይሻላል ወይስ ቴኔሪፌ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። በየትኛው ወር ነው የምትሄዱት? ከማን ጋር? ዋና ትችላላችሁ? እነዚህ ከተመለሱ ቦታውን መምረጥ አይከብድም።

የስፔን ደሴቶች ሲባል ብዙ ሰው አንድ አካባቢ ይመስለዋል። አይደለም። ማዮርካ፣ ሜኖርካ፣ ኢቢዛና ፎርሜንቴራ ሜዲትራኒያን ውስጥ ናቸው። ቴኔሪፌ፣ ግራን ካናሪያ፣ ላንዛሮቴና ፉዌርቴቬንቱራ ያሉበት የካናሪ ደሴቶች ግን አትላንቲክ ላይ ነው ያሉት፤ ለአፍሪካ ዳርቻ በጣም ቅርብ የሆነው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከፍራንክፈርት ማዮርካ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ካናሪ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል።

በፌብሩዋሪ ማዮርካ ብትሄዱ ባሕሩ 14 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ብዙው የባሕር ዳር ሆቴልም ዝግ ነው። በዚያው ወር ካናሪ ቀኑ 20 ዲግሪ ይደርሳል፣ ውሃው 18 ወይም 19። ይቀዘቅዛል፣ ግን ይገባበታል። በኦገስት ነገሩ ይገለበጣል፤ የማዮርካ ባሕር 26 ሲደርስ የካናሪው ከ23 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ለገና እረፍት ካናሪ፣ ከጁን ጀምሮ ሜዲትራኒያን። እኔ የምወደው ወር ሴፕቴምበር ነው። ባሕሩ ገና እንደሞቀ ነው፣ የልጆች ትምህርት ስለተጀመረ ዋጋው ይወርዳል።

ቴኔሪፌን ከመረጣችሁ ካርታውን እዩ። 3,715 ሜትር ከፍታ ያለው ቴይዴ ተራራ መሀል ላይ ቆሟል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ የሚያመጣውን ደመና ተራራው ሰሜኑ ላይ ያስቀረዋል። ሰሜን ያለው ፑዌርቶ ዴ ላ ክሩዝ አረንጓዴና ውብ ነው፤ ፀሐይ ፍለጋ የመጣ ሰው ግን ደቡብ፣ ሎስ ክሪስቲያኖስ አካባቢ ይያዝ።

አሁን አጥብቄ የምነግራችሁ ነገር አለ። ብዙዎቻችን ደጋ ነው ያደግነው፤ ባሕር ያየነው ከአገር ከወጣን በኋላ ነው። ዋና አለመቻል አያሳፍርም። አለመቻልን ደብቆ ጓደኛን ተከትሎ ጥልቅ ውሃ መግባት ግን ሕይወት ያስከፍላል። እባካችሁ ዳርቻውን በዚህ ምረጡት። በማዮርካ ሰሜን፣ አልኩዲያ አካባቢ ያለው ፕላያ ዴ ሙሮ ብዙ ርቀት ገብታችሁም ጥልቀት የለውም። ግራን ካናሪያ ላይ፣ ላስ ፓልማስ ከተማ ውስጥ ያለው ላስ ካንቴራስ ፊት ለፊቱ የተዘረጋ አለት ማዕበሉን ይሰብርለታል። ቴኔሪፌ ላይ ላስ ቴሬሲታስ ሰው የሠራው የማዕበል መከላከያ አለው፤ ወርቃማው አሸዋም በ1970ዎቹ ከሰሃራ በመርከብ የመጣ ነው። የካታሎኒያው ኮስታ ብራቫ ልብ ይሰርቃል፣ ግን ብዙው ዳርቻው አለታማ ነው፤ ቶሎም ይጠልቃል። ዋና ለሚችል ይሁን።

ዳርቻው ላይ የሚሰቀለውን ባንዲራም እዩ። ቀይ ከተሰቀለ ሰማዩ ቢጠራም፣ ባሕሩ የተኛ ቢመስልም አይገባም፤ ከዳርቻው ወደ ውስጥ የሚጎትት ሞገድ ከውጭ ላይታይ ይችላል። ጠባቂ የሌለበት ቦታ አትዋኙ። የዋና ትምህርት በምትኖሩበት ከተማ አለ፤ ከአሁኑ ተመዝገቡ።

ወደ ዋናው ምድር ስንመጣ፣ ከተማም ባሕርም ለሚፈልግ ማላጋን እመክራለሁ። ፒካሶ የተወለደባት ከተማ ናት፤ ግራናዳና ኮርዶባንም ደርሶ መመለስ ይቻላል። ውሃዋ ግን ከአሊካንቴው ይቀዘቅዛል፤ የአትላንቲክ ውሃ በጅብራልታር በኩል ይገባበታል። ለሞቀ ባሕር አሊካንቴ ያለችበት የምሥራቁ ዳርቻ፣ ኮስታ ብላንካ ይሻላል። እዚያው ያለውን ቤኒዶርምን በፎቶ አይታችሁ፣ ፎቅ ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁት። ዳርቻው ሰፊ ነው፣ መኪና አያስፈልግም፣ ዋጋውም ይቻላል። በደቡብ ጫፍ ያለው ታሪፋ ነፋስ ለሚወድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ኪሳችሁን ያድናል። ከውድ ሆቴል ፊት ያለው አሸዋ የሆቴሉ አይደለም። በ1988 የወጣው የስፔን የባሕር ዳርቻ ሕግ ዳርቻው የሕዝብ ነው ይላል። ሁለት መንገድ ወደ ኋላ ገባ ብላችሁ ርካሽ ክፍል ያዙ፤ ውሏችሁ እዚያው አሸዋ ላይ ይሁን። የምትከፍሉት ለወንበርና ለጥላ ከፈለጋችሁ ብቻ ነው።

ክፍሉ ግን ፈቃድ ያለው ይሁን፤ ያለ ፈቃድ ለቱሪስት የሚከራይ ቤት ከነዋሪው ላይ የሚወሰድ ነው። በ2024 በካናሪም በማዮርካም ሕዝቡ አደባባይ ወጥቷል፤ ቱሪስት በዛ፣ የቤት ኪራይ አልቻልንም ብሎ። እውነታቸውን ነው። በሰው አገር ቤት ፍለጋ የተንከራተትን ሰዎች ይህን ጭንቀት እናውቀዋለን።

በኦገስት የምትሄዱ ጾመኞች ፍልሰታ ትደርስባችኋለች። አትቸገሩም። ካናሪ ላይ በጨው የተቀቀለ ድንች ሞሆ ከሚባል ማባያ ጋር ይቀርባል፤ ቀዩ ሞሆ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬና ዘይት ያለበት ነው፣ አዋዜን ያስታውሳል። በደቡብ ስፔን፣ አንዳሉሲያ ላይ ጋስፓቾ የሚባል ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ አለ። እሱን የሚመስለው ሳልሞሬሆ ግን እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ስለሚነሰነስበት አስቀድማችሁ ተናገሩ።

በመጨረሻ ወረቀቱ። የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ብቻውን አይበቃም፤ ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት ወይም የጉዞ ሰነድ አብሮ ይያዝ። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ይደባለቅብናል። ስህተት ካያችሁ በገዛችሁበት ቀን ደውሉ። ያን ጊዜ ማስተካከሉ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ኤርፖርት ከደረሳችሁ በኋላ ግን አዲስ ትኬት ሊያስገዛችሁ ይችላል።