አዲስ የንብ ዝርያ አገኘሁ ከማለታችሁ በፊት

በሐዋሳና በአካባቢዋ ሥነ ሕይወት ለምታጠኑ፣ ይልቁንም የዱር ንቦችን ለመለየት ለተነሣሣችሁ ወጣቶች፤

ናሙና ይዛችሁ ስትመጡ ብዙዎቻችሁ አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ «ይህ አዲስ ዝርያ ይሆን?» ብላችሁ ነው። እኔ ግን ስም ከወጣላቸው ዝርያዎች መካከል የትኛውን እንደሚመስል፣ ከእርሱም በምን እንደሚለይ አስቀድማችሁ ብትጠይቁ እመርጣለሁ። በዓለም ላይ ተገልጸው ስም የተሰጣቸው የንብ ዝርያዎች ከ20,000 ይበልጣሉ። ከእነዚህም አብዛኞቹ በመንጋ የማይኖሩ ሲሆኑ፣ እንስቷ ብቻዋን አፈር ቆፍራ ወይም በደረቀ እንጨት ቀዳዳ ገብታ ለልጆቿ ስንቅ የምታኖር ናት። እንግዲህ በእጃችሁ ያለው ንብ ለእናንተ እንግዳ መሆኑ ለሳይንስም እንግዳ ነው አያሰኝም።

ንጽጽር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከገዛ አገራችን ንቦች መረዳት ይቻላል። የማትናደፈውንና ከመሬት ሥር የምትኖረውን ጣዝማ ገበሬው ከነማሯ መድኃኒትነት ከጥንት ጀምሮ ያውቃታል፤ «ቤካሪ» የተባለው የዝርያ ስሟ በሳይንስ ጽሑፍ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። በየቀፎው የምናያት የማር ንባችን እንኳ «ሲሜንሲስ» የተባለች ራሷን የቻለች ንዑስ ዝርያ ሆና የተገለጸችው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ለዚህ ያበቃትም የአካሏ ልኬት ከሌሎች የአፍሪካ ንቦች ልኬት ጋር በጥንቃቄ መነጻጸሩ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በመረብና ናሙናው በሚሰካበት መርፌ ነው። የስልክ ፎቶግራፍ ለማስታወሻ ይጠቅም ይሆናል እንጂ በዝርያ ደረጃ ለመለየት በአብዛኛው አይበቃም፤ የክንፍ ጅማት አወራረድ፣ የፊት ቅርጽ፣ በቆዳው ላይ ያሉት ጥቃቅን ነጥቦች ጥግግት በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይታዩምና። ንብ የምትመስለው አበባ ቀሳሚ ዝንብ ብዙ ጀማሪ ስለምታሳስት አስቀድማችሁ ክንፍ ቁጠሩ፤ ዝንብ ሁለት፣ ንብ አራት አላት። የንብ ፀጉር ደግሞ ቢያንስ በከፊል ቅርንጫፍ ያወጣ ነው። ወንዱን ችላ አትበሉ። እንስቶቻቸው ለዓይን አንድ የሚመስሉ ዝርያዎች በወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ የሚለዩበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ናሙናው ሳይደርቅ ያንን ክፍል በቀጭን መርፌ ወደ ውጭ ሳቡት። ጾታውን ለመለየት የአንቴናውን ክፍሎች ብትቆጥሩ፣ በአብዛኛው እንስቷ 12፣ ወንዱ 13 አላቸው።

ዛሬ ብዙዎቻችሁ በዲኤንኤ ትተማመናላችሁ። እኔም አልቃወምም፤ ወንድና እንስት የአንድ ዝርያ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ከእርሱ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ይሁን እንጂ በተለምዶ የሚነበበው የማይቶኮንድሪያ (ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ጂን ከእናት ብቻ የሚወረስ በመሆኑና በነፍሳት አካል ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ስርጭቱን ሊያዛቡት ስለሚችሉ፣ በእርሱ ብቻ ተደግፎ ስም ማውጣት ችኮላ ይመስለኛል።

ስም ለማውጣት ከበቃችሁ ደግሞ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ አለ። ከ1999 እ.ኤ.አ. በኋላ ለሚወጣ አዲስ የዝርያ ስም መሠረት የሚሆነውን ናሙና ለይቶ መሰየም፣ በየትኛው ተቋም እንደሚቀመጥም መግለጽ ግዴታ ነው። ገለጻችሁን በዝርዝር ልኬት ብቻ አትሙሉት፤ ዝርያው ከቅርብ ዘመዶቹ የሚለይበትን ምልክት በግልጽ አስቀምጡ፤ እናንተን የማያውቅ ሰው ናሙናውን ከፊቱ አድርጎ ቃላችሁን መፈተን፣ ቢያስፈልግም መሻር መቻል አለበት። ከአገራችን ተሰብስበው ስም የወጣባቸው የቀድሞ ናሙናዎች ብዙዎቹ በአውሮፓ ሙዚየሞች ስለሚገኙ፣ ፎቶግራፋቸውን በደብዳቤ ጠይቃችሁ ሳታዩ አትጻፉ። የእናንተን ናሙና ወደ ውጭ ስትልኩም አስቀድማችሁ ፈቃድ አውጡ፤ የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለና።

ለመነሻ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባ የፈነዳበትን የታቦር ተራራ ግርጌ ወይም የሐይቁን ዳር መርጣችሁ፣ በዚያው ቦታ ደጋግማችሁ ሰብስቡ። በእያንዳንዱ መርፌ ሥር ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የሰብሳቢውን ስምና ንቡ የተያዘበትን ተክል በዕለቱ ጻፉ። ተክሉን ካላወቃችሁት ከነአበባውና ከነቅጠሉ ቆርጣችሁ በጋዜጣ መካከል አድርቁት፤ የእጽዋት ባለሙያ ኋላ ስሙን ይነግራችኋል።