አጭር ሞላ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የቶዮታ ሴሊካዬ የፊት ሾክ አብዞርበሮች ዘይት ያንጠባጥባሉ። ስቀይር መኪናዋን ዝቅ የሚያደርግ አጭር ሞላ አብሬ ላስገባ? (ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ አጭሩን ይተዉት። ለመደበኛ ቁመት የተሠራ ሾክ አብዞርበር መጫወቻው ያጥርበታል፤ በኮብልስቶንና በክረምት ጉድጓድ መጨረሻው ላይ እየመታ ቶሎ ይበላሻል። ዕቃውን በሻሲ ቁጥር ያፈላልጉ፤ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ይቀይሩ። የሾክ አብዞርበሩ የላይኛው መቀመጫ ኩሽኔታ ካረጀ መሪ ሲዞር ይንቋቋል፤ አብሮ ይለወጥ። ሞላውን ያለ መጭመቂያ መፍታት፣ መቼም፣ ሰው ሊገድል ይችላል።

ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው ጎሚኒ (የክንዱ መጋጠሚያ ላስቲክ) ላይ ነው። መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ የታችኛው ክንድ ቡሎን ከጠበቀ፣ ሲወርድ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀርና ይቀደዳል። ጎማዎቹ መሬት ካረፉ በኋላ ያስጠብቁ፤ ከዚያ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ያሠሩ።