ኤልኢዲና ሬዚስተር በሪሞት ታንክ ላይ፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ 1/16 ታንክ (ከእውነተኛው 16 ጊዜ ያነሰ፣ በሪሞት የሚነዳ ሞዴል) መብራት፣ ማለትም ስለ ኤልኢዲዎቹ (ትንንሽ መብራቶቹ) እና ከረንቱን ስለሚገድቡት ሬዚስተሮች የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ግን ሦስት ነገር አብራችሁ ጻፉ፦ ባትሪው ምን ዓይነት ነው? ኤልኢዲው ምን ቀለም ነው? መስመሩን የምትስቡት ከባትሪው ነው ወይስ ታንኩን ከሚቆጣጠረው ቦርድ? እነዚህ በሌሉበት መልስ መስጠት አይቻልም።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ ባለ ሁለት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ነው፣ 7.4 ቮልት። ለፊት ሁለት ነጭ፣ ለኋላ ሁለት ቀይ፣ ሁሉም 3 ሚሊሜትር። በቀጥታ ከባትሪው ነው። ስንት ኦም ሬዚስተር ላድርግ?

መላሽ፦ ጥያቄ እንዲህ ይጠየቃል። መጀመሪያ 7.4ን እርሳው፤ እሱ ባትሪው ላይ የተጻፈ ስም ነው። ሙሉ ቻርጅ የሆነ ባለ ሁለት ሴል ሊፖ 8.4 ቮልት ይሰጣል፣ የምናሰላውም በ8.4 ነው። ነጭ ኤልኢዲ ከ3.0 እስከ 3.4 ይወስዳል፤ 3.2 ብለህ ያዝ። 8.4 ሲቀነስ 3.2፣ 5.2 ቮልት ሬዚስተሩ ላይ ይወድቃል። 10 ሚሊአምፔር (0.010 አምፔር) ከረንት ለታንክ ከበቂ በላይ ነው፤ 5.2 ለ0.010 ሲካፈል 520 ኦም። ሱቅ ውስጥ የምታገኘው 560 ነው፣ እሱን ውሰድ። 9.3 ሚሊአምፔር ያሳልፋል፤ ባትሪው 7.4 ቮልት ሲደርስም 7.5 ሚሊአምፔር ስለሚያሳልፍ ብርሃኑ ብዙ አይቀንስም። ቀዩ 2.0 ቮልት አካባቢ ነው፤ 6.4 ለ0.010 ሲካፈል 640፣ ስለዚህ 680 ኦም። ሬዚስተሩ ላይ የሚባክነው 0.05 ዋት ገደማ ነውና ሩብ ዋቱ በደንብ ይበቃል። አራት ኤልኢዲ፣ አራት ሬዚስተር።

ከካዛንቺስ፦ ለምን አራት? አራቱን በፓራለል (ጎን ለጎን) አስሮ ፊት ላይ አንድ ሬዚስተር ማድረግ አይሻልም? ቦታም ይቆጥባል።

መላሽ፦ አይሻልም። ይህ ስህተት በየጊዜው ስለሚመጣ በቁጥር ላሳይህ። ለአራት ኤልኢዲ 40 ሚሊአምፔር ያስፈልጋል ብለህ፣ በነጩ 3.2 አስልተህ 130 ኦም ታስገባለህ። ግን ቀዩ በ2 ቮልት መብራት ስለሚጀምር መስመሩን እዚያው ላይ ይዞ ያስቀረዋል። ነጮቹ 3 ቮልት ስለማያገኙ ጭራሽ አይበሩም። ሬዚስተሩ ላይ አሁን 6.4 ቮልት ወደቀ፤ ለ130 ሲካፈል 49 ሚሊአምፔር። ያንን ሁለቱ ቀዮች ይካፈሉታል፣ ለእያንዳንዱ 25 ገደማ፤ ጣሪያቸው ደግሞ 20 ነው። ከዚያ «ነጩ ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ» ይባላል። አንድ ቀለም ብቻ ቢሆንም እኩል አይካፈሉም፤ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ያለው ብዙውን ይወስዳል፣ ሲሞቅ ደግሞ ቮልቴጁ ይበልጥ ይወርድና ጭራሽ ይጨምራል።

ሬዚስተር መቆጠብ ከፈለግህ ሁለቱን ቀይ በሲሪስ (አንዱን ከሌላው አከታትለህ) እሰር፦ 8.4 ሲቀነስ 4 ይቀራል 4.4፣ 470 ኦም በቂ ነው። ሁለት ነጭ በሲሪስ ግን አልመክርም። በ220 ኦም ሙሉ ቻርጅ ላይ 9 ሚሊአምፔር ያገኛሉ፣ 7.4 ላይ 4.5፣ ባትሪው እየወረደ ሲሄድ ጭል ጭል ብቻ።

ከአራት ኪሎ፦ ኤልኢዲው 20 ሚሊአምፔር ይችላል ተብሎ እየተሸጠ ለምን 10? ግማሽ ብርሃን ነው።

ከለገሃር፦ ለዓይን ግማሽ አይመስልም። በዚያ ላይ የታንክ የፊት መብራት ደብዛዛ ቢጫ ነበር እንጂ እንደ ዛሬ መኪና ዓይን የሚወጋ አልነበረም። ይልቅ ዋርም ዋይት (ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ) ግዛ።

ከአራት ኪሎ፦ የእኔ ሞዴል የሶቪየቱ ታንክ ቲ-34-85 ነው፣ ሁለት የፊት መብራት አለው፣ ደብዛዛ ከሆነ አይታይም።

ከለገሃር፦ ቲ-34-85 የፊት መብራቱ አንድ ነው፣ በግራ በኩል። ሁለት የነበረው በመጀመሪያዎቹ ቲ-34ዎች ላይ ነው።

ከስታዲየም፦ ቲ-55ስ? ከመድፉ በስተቀኝ ያለው ትልቁ መብራት ነጭ ነው አይደል?

ከለገሃር፦ እሱ ሉና የሚባለው የኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ ብርሃን) መፈለጊያ መብራት ነው። መስታወቱ ጥቁር ነው፣ ለዓይን አያበራም። ነጭ ኤልኢዲ ከከተትክበት ተሳሳትክ።

መላሽ፦ የታንክ ታሪኩን ሌላ ቀን። ስለ 20 ሚሊአምፔሩ፦ 20 ጣሪያ ነው፣ ዒላማ አይደለም። በተዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ ሙቀት መውጫ የለውም። ለገሃር ስለ ዋርም ዋይቱ ልክ ነው፣ ቮልቴጁም ከነጩ ጋር አንድ ነው።

ከአምባሳደር፦ ሰላም ጋሼ፣ ለኤልኢዲ ስንት ኦም ነው የሚሆነው?

መላሽ፦ ባትሪ? ቀለም? መስመር? ከላይ ተጽፏል።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ 560 ብዬ የገዛሁት ሬዚስተር የቀለም መስመሮቹ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ወርቃማ ናቸው። ልክ ነኝ?

መላሽ፦ አትበይደው! እሱ 56 ኦም ነው፣ 93 ሚሊአምፔር ያሳልፋል፣ ኤልኢዲው ወዲያው ይሞታል። ባለ አራት መስመሩ 560 ሦስተኛው ቡናማ ነው። ባለ አምስት መስመር ከሆነ ደግሞ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ቡናማ። ቀለም ማንበብ ያሳስታል፤ ከመበየድህ በፊት እያንዳንዱን በቴስተር ለካ።

ከካዛንቺስ፦ የእኔ ከቦርዱ የመብራት ሶኬት ነው። ውስጡ ሬዚስተር ይኑረው አይኑረው በምን አውቃለሁ?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ፣ ብዙ ሰው በግምት የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ኤልኢዲውን ነቅለህ ሶኬቱን ለካ፤ 5.0 አሳየህ እንበል። ይህ ብቻውን ምንም አይነግርህም፣ ምክንያቱም ከረንት ካልፈሰሰ የውስጥ ሬዚስተር አይታይም። አሁን 1000 ኦም በሶኬቱ ሁለት ጫፎች መካከል አድርገህ እንደገና ለካ። 5.0 እንዳለ ከቀረ ውስጡ ሬዚስተር የለም፣ የራስህን አስገባ። ወደ 4.1 ከወረደ 4.1 ሚሊአምፔር እየፈሰሰ 0.9 ቮልት ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው፤ 0.9 ለ0.0041 ሲካፈል 220 ኦም። ለነጭ ኤልኢዲ ያ ራሱ ይበቃል፣ አትጨምርበት።

ከስታዲየም፦ ከሶማሌ ተራ የተገዛ የመኪና የ12 ቮልት ኤልኢዲ ሪባን ቆርጦ መጠቀም ይቻላል? ባትሪው 7.4 ነው።

መላሽ፦ በደንብ አይበራም። እያንዳንዱ ቁራጭ ሦስት ነጭ በሲሪስ ነው፣ 9.6 ቮልት ይፈልጋል። 8.4 አይደርስበትም።

ከስታዲየም፦ የኋላ መብራቱን ከሞተሩ ሽቦ ላይ ብስበውስ? ወደ ኋላ ሲሄድ ብቻ ይበራል።

መላሽ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ወደፊት ስትነዳ ቮልቴጁ ተገልብጦ ኤልኢዲው ላይ ይመጣል፣ አብዛኞቹ የሚችሉት 5 ቮልት ብቻ ነው። 1ኤን4148 ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) በሲሪስ ጨምር፣ 680ውን እንዳለ ተወው። ታንኩ በቦታው ሲዞርም የአንዱ ጎን ሞተር ወደ ኋላ ስለሚሄድ መብራቱ ይበራል፤ ያንን ካልፈለግህ አታድርገው።

ከአራት ኪሎ፦ የመድፉ ብልጭታስ?

መላሽ፦ የካሜራ ፍላሽ ዓይነት ከሆነ አትክፈተው። ባትሪው ተነቅሎም ካፓሲተሩ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይቆያል።

ከለገሃር፦ ታንኮቹ እርስ በርስ «የሚተኩሱበት» የውጊያው ኢንፍራሬድስ?

መላሽ፦ እሱ በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው የሚሠራው፣ ይህ ስሌት አያገለግለውም። ሌላ ሰው ይመልስ።

ከአምባሳደር፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ስድስት ሴል ኒኬል ነው፣ 7.2፣ ዋርም ዋይት፣ ከባትሪው።

መላሽ፦ እንዲህ ነዋ። ስድስቱ ሴል ከቻርጀር እንደወጡ 8.7 ሊደርሱ ይችላሉ። 8.7 ሲቀነስ 3.2፣ 5.5፤ 560 ኦም 9.8 ሚሊአምፔር ይሰጥሃል። ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው፤ ከቆረጥከው ጠርዙ ጠፍጣፋ የሆነበት ጎን ኔጌቲቭ። ለእያንዳንዱ የራሱ ሬዚስተር።