የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ወደ መተማ ለሚወርደው ወንድምሽ

እህቴ፣ «ወንድሜ የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ ሁለት ወር አለፈው፣ ሳሉ ጠፍቶለታል፣ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሊወርድ ነው፤ የቀረውን ክኒን ይዞ ቢሄድ ችግር አለው?» ብለሻል። አለው! የኔም ታናሽ ወንድም ልክ እንዲህ መድኃኒቱን ሳይጨርስ ነው ወደዚያ የተነሳው።

1. የዝውውር ወረቀት ሳይዝ ከጎንደር እንዳይወጣ። መቼ እንደጀመረ፣ የአክታው ውጤት፣ ምን እየወሰደ እንደሆነ እዚያ ላይ ይሰፍራል። የሚሄድበት አገር ያለው ጤና ጣቢያ በነጻ ይቀጥልለታል። ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይም አስቀሪው።

2. «ድኛለሁ» ቢልሽ አትስሚው። ሕክምናው ስድስት ወር ነው፤ ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ አራት ወር ሁለት ዓይነት። መዋጡን ከተጠራጠርሽ ሽንቱን ጠይቂው፣ ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ብርቱካናማ ያደርገዋል። የኔው ጉድ ወንድሜ ግን ጉንጩ ሞላ፣ እንጀራ አልበቃው አለ፣ በቃ ዳንኩ አለ። ዝውውር ሊጠይቅ ሲሄድ ካርድ ክፍል ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው «ኃላፊው የለም፣ ነገ ና» አለችው። በማግስቱም ያው። ደላላው መኪናው ሊሞላ ነው ሲለው ጥሎ ሄደ። እዚያ ደግሞ ነርሱ «ያለ ወረቀት ምን ብዬ ልስጥህ?» አለው። ስልክ አንስቶ ጎንደር መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የደወለ የለም። ሠራተኛው በአንድ ዳስ ተደራርቦ ነው የሚያድረው፤ እሱም እዚያው መሀል ሲስል ከረመ።

ሲመለስ አጥንቱ ቀርቶ ነበር። በጂንኤክስፐርት፣ በቲቢ መመርመሪያው ማሽን፣ ታየ፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ያኛው ሕክምና ሌላ ዓለም ነበር፤ ማቅለሽለሹ፣ ጆሮ ላይ የሚጮኸው፣ ንጭንጩ። በየጠዋቱ ፊቴ አስቁሜ ያስዋጥኩት እኔ ነኝ፣ ይህን ማንም አይነጥቀኝም። ዛሬ ፒያሳ ባጃጅ ይነዳል፣ እኔንም ሂሳብ ያስከፍለኛል።

በአስተያየትህ «ቲቢ የድሮ በሽታ ነው» ያልከው ወንድም ደግሞ፣ ቲቢ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 1.25 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ከተላላፊ በሽታዎች በገዳይነት ኮቪድ የነጠቀውን የአንደኛነት ቦታ ሳያስመልስ አልቀረም።

እና እህቴ፣ ቤት ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለ ባይስልም አስመርምሪው፣ መከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል። ለወረቀቱ ካርድ ክፍል አትጨቃጨቂ፤ በቀጥታ የቲቢ ክፍሉን ነርስ ያዢ። ስልኳንም ተቀበይ፣ የመተማው ነርስ «ማንን ልጠይቅ?» እንዳይል።